ከአናፖሊስ የሚላከውን ደብዳቤ በአማርኛ አድርሱልን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሀበሻ ሱቆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰድኩ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር ውስጤን ስለከነከነኝ ነው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እዚህ የሚሠራው እሱ ስለሆነ።

ነገሩ ስለ ኢሜይል ነው። አናፖሊስ ላይ የሚሰበሰቡት የሜሪላንድ ስቴት ሕግ አውጪዎች፣ ማለትም የየወረዳው ሴናተርና ዴሌጌቶች፣ ለነዋሪው ደብዳቤ ይልካሉ። "ዘንድሮ ይህን ሠራን፣ ይህ ሕግ ጸደቀ፣ ለወረዳችን ይህን ያህል ገንዘብ ተመደበ" የሚል ደብዳቤ። ለእኔም ለዓመታት ሲመጣልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ስሜንና ኢሜይሌን ጽፌ ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይላካል። እኔ ግን አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፣ ፎቶው ብዙ ነው፣ ከሥራ ደክሜ እገባለሁ፣ ደግሞም "ፖለቲከኛ ስለ ራሱ የሚያወራው ነው" ብዬ አልፈዋለሁ።

ያ ምን እንዳስከፈለን ልንገራችሁ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት በዲቪ መጣች። መጀመሪያ እኛ ዘንድ ተቀመጠች፣ ሥራ ያዘች፣ ከዚያ ኖቬምበር 2024 ላይ ለራሷ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ አገኘች። ኪራዩ በወር 1,700 ዶላር ነው። አከራዩ ዲፖዚት፣ ማለትም ማስያዣ፣ የሁለት ወር ጠየቃት። 3,400 ዶላር ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ሲጨመርበት ቁልፍ ለመቀበል ብቻ 5,100 ዶላር በአንዴ ልታወጣ ሆነ። ልጅቷ ያጠራቀመችው ከ3,000 ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረውን እኔ ሞላሁላት፤ የዕቁብ ተራ የደረሰውን ወዳጄን ለምኜ ተራ ተቀያይረን ማለት ነው። ማናችንም አልገረመንም። እኛም ስንመጣ የሁለት ወር ከፍለን ነው የገባነው። እንደዚያ ነው ብለን ነው የምናውቀው።

ፌብሩዋሪ ላይ ኢሜይሌ ሞልቶ አዲስ አልቀበልም አለኝ። ቁጭ ብዬ የድሮውን መሰረዝ ጀመርኩ። እየሰረዝኩ ስወርድ ሜይ 2024 ላይ የመጣ የዴሌጌታችን ደብዳቤ ጋ ደረስኩ። ለመሰረዝ ስል "ሴኩሪቲ ዲፖዚት" የሚለው ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቆምኩና አነበብኩት። ምክር ቤቱ የተከራዮችን መብት የሚመለከት ሕግ አውጥቷል፣ ገዢው ዌስ ሙርም ፈርሞበታል፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚፈረም የኪራይ ውል ላይ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ የበለጠ ዲፖዚት መቀበል አይችልም ይላል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ የእኛዋ ልጅ ግን እነሱ ውስጥ የምትገባ አልነበረችም። እሷ የፈረመችው ኖቬምበር ላይ ነው። ደብዳቤው እኔ ኪስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ፣ እሷ ከመፈረሟ ስድስት ወር ቀድሞ ደርሷል።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ያን ክረምት፣ ማለቴ የበረዶውን ወራት፣ ጃኬት ሳትገዛ፣ ለእናቷ የምትልከውን እየቀነሰች ነው ያሳለፈችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ወጣት ሠራተኛ ናት። ስሜንና አድራሻዬን ብቻ ጠየቀችኝ። ዜጋ ነህ ወይ አላለችኝም፣ መርጠህ ታውቃለህ ወይም አላለችኝም። እንግሊዝኛዬ እየተንቀጠቀጠ ነገሩን አስረዳኋት። ማታውኑ የሕጉን ጽሑፍ በኢሜይል ላከችልኝ። ከተፈቀደው በላይ የተቀበለ አከራይ ትርፉን እስከ ሦስት እጥፍ ከነጠበቃ ወጪው ሊከፍል እንደሚችልም እዚያው ላይ ተጽፏል። የባለቤቴ እህት ጨዋ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሕጉን አያይዛ፣ ስድብም ማስፈራሪያም የሌለበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ 1,700 ዶላሯ በቼክ ተመለሰላት። አከራዩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ያደረገው እኔ አልፈርድም፣ ስሙንም አላነሳም።

አዘጋጆች፣ እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። በዚያች ኖቬምበር ስንት ሀበሻ የሁለት ወር ከፍሎ ይሆን? እስከ ዛሬስ ስንቱ ሳያውቅ እየከፈለ ነው?

እኛ ፖለቲካ የማንከታተል ሕዝብ አይደለንም። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የሚናገረው ኤች አር 128 ኤፕሪል 2018 ላይ በኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ከዚህ አካባቢ ስንቱ ነው የደወለው፣ የጻፈው፣ ካፒቶል ሂል ድረስ የሄደው። በኋላ የማዕቀቡ ረቂቅ ኤች አር 6600 ሲመጣም የደገፈም የተቃወመም እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የረቂቅ ሕግ ቁጥር በቃላችን የያዝን ሰዎች ነን። ስለ አገራችን ስለሆነ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ከዚያው ትጋት ጥቂቱን ልጆቻችን ለሚማሩበት ትምህርት ቤትና እኛ ኪራይ ለምንከፍልበት ቤት ብናውለው ምን ነበረበት? ከማውቃቸው ሰዎች አሥሩን ጠየቅኩ። አሥሩም የኮንግረስ አባሉን ስም ያውቃል። የስቴት ዴሌጌቱን ስም የነገረኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሪል እስቴት ስለሚሠራ ነው።

ስለዚህ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። አናፖሊስ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። የስቴቱ ምክር ቤት እዚያ ነው። 47 ወረዳ አለ፣ በየወረዳው አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት፤ ድምሩ 188 ሰው። ወረዳ ስል የአገር ቤቱን አስተዳደር አይደለም፣ የምርጫ ክልል ማለቴ ነው። የሚሰበሰቡት በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው። ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀምራሉ፣ ኤፕሪል ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ያበቃል። በዚያች 90 ቀን ውስጥ ከ2,000 የሚበልጥ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል። ያላለፈው ይወድቃል፣ ሌላ ዓመት እንደገና መቅረብ አለበት። ቨርጂኒያ ለምትኖሩም ያው ነው፤ የሪችመንዱ ምክር ቤትም የሚጀምረው በዚያው ረቡዕ ነው፣ ቀኑ ግን ከእኛም ያጠረ ነው።

አገር ቤት ባለሥልጣን ለማግኘት ደጅ መጥናት ነው። ጠዋት ትሄዳለህ፣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ትባላለህ፣ ነገ ትመለሳለህ። እዚህ ሰውየው ራሱ ደብዳቤ ይጽፍልሃል፣ ስልኩን ግርጌ ላይ ያስቀምጥልሃል። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት የለብንም።

ከነቃሁበት ጊዜ ጀምሮ የሚመጣውን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። መዝገበ ቃላት ይዤም ቢሆን፣ ልጄን እየጠየቅኩም ቢሆን። የ2025ቱ ጉባኤ ካለቀ በኋላ የመጣው ረጅሙ ነበር። ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ቤታችን የሚገባ ነው።

በጀቱን ተመልከቱ። ስቴቱ ወደ 3.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጉድለት ነበረበት። ለመሙላት ወጪም ቀነሱ፣ ታክስም ጨመሩ። በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ ለሚያገኙ ሰዎች የገቢ ታክሱ ከፍ አለ፤ ይህ አብዛኞቻችንን አይነካም። የሚነካን ሌላ ቦታ ነው ያለው። መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ታክስ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ6 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ወጣ። የ20,000 ዶላር መኪና የሚገዛ ሰው 1,200 ይከፍል የነበረው 1,300 ሆነበት። የጭስ ምርመራው 14 ዶላር የነበረው 30 ገባ። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን በመኪና ነው የሚኖሩት። ብዙዎቹ ይህን ያወቁት መክፈያው መስኮት ላይ ቆመው ነው። ደብዳቤው ግን ከወራት በፊት ነግሯቸው ነበር። መኪና ለመቀየር ያሰበ ሰው ጁን ላይ ቢቀይር መቶ ዶላር ይተርፈው ነበር።

ኦገስት ላይ ደግሞ ጎረቤቴ የመብራት ሒሳቡን ይዞ መጣ። "የሆነ ገንዘብ ቀንሰውልኛል፣ ተሳስተው ይሆን እንዴ? በኋላ ከነቅጣቱ እንዳይጠይቁኝ" አለኝ። ስሕተት አልነበረም። የመብራት ዋጋ በጣም ስለጨመረ ምክር ቤቱ ለየቤቱ በአማካይ 80 ዶላር እንዲመለስ ወስኖ ነው፤ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ አንዱ ኦገስት፣ ሌላው በብርዱ ወራት። አነበብኩለትና ተረጋጋ። ሰው የራሱ ገንዘብ ተመልሶለት የሚሰጋበት ምክንያት አለመንገር ብቻ ነው።

የወሊድ ፈቃዱን ነገር ግን ሳልጽፈው ባልፍ ይቆጨኛል። ሜሪላንድ በ2022 አንድ ትልቅ ሕግ አወጣች። ሰው ሲወልድ፣ ሲታመም፣ ወይም የታመመ ዘመድ ሲያስታምም እስከ 12 ሳምንት በሳምንት እስከ 1,000 ዶላር እየተከፈለው ቤቱ እንዲቆይ የሚያደርግ ነው። ያን ጊዜ ወሬው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደረሰ፣ ሰው ደስ አለው። ከዚያ ግን መጀመሪያው ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። በ2025ቱ ጉባኤ ደግሞ ክፍያው የሚጀምረው ጃንዋሪ 2028 እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያው ወሬ የደረሳቸው ሰዎች የመራዘሙ ወሬ አልደረሳቸውም። ባለፈው የበጋ ወር ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን አንዲት ነፍሰ ጡር እህት "እኔማ ስወልድ ሦስት ወር ስቴቱ ይከፍለኛል" ስትል ሰማሁ። ሆቴል ነው የምትሠራው። ሒሳቧን ሁሉ በዚያ ላይ ነው የሠራችው። እኔ ነኝ የነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ ያየሁትን አልረሳውም። በጊዜ ብታውቅ ኖሮ የዓመት ፈቃዷን ታጠራቅም ነበር፣ ትርፍ ሰዓት ትሠራ ነበር፣ አንድ ነገር ታደርግ ነበር።

ዴይኬሩም እንደዚያው ነው። ቤታቸው ፈቃድ አውጥተው ሕፃናት የሚጠብቁ እናቶቻችን ብዙ ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች ስቴቱ የሚከፍለው የሕፃናት ማቆያ ድጎማ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አዲስ አመልካች መቀበል አቆመ። ይህ ሁለት ቤት ይመታል። ወላጇም ሥራ መሄድ አትችልም፣ ጠባቂዋም ልጅ አይመጣላትም። እዚህ ላይ ድምፃችን መሰማት ነበረበት። በጀቱ የሚወሰነው እነሱ ዘንድ ነው፣ የሚያውቁት ደግሞ የነገራቸውን ብቻ ነው።

አንድ ደግሞ ወላጆች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አለ። በሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሌጌቶች በየራሳቸው የሚሰጡት የኮሌጅ ስኮላርሺፕ አለ። በወረዳቸው ለሚኖር ተማሪ ነው። አሰጣጡ ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። ለሴናተሩ ስኮላርሺፕ ፋፍሳውን፣ ማለትም የፌዴራሉን የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ፣ እስከ ማርች 1 መሙላት ያስፈልጋል፣ ከዚያ የራሱን የሴናተሩን ቢሮ መጠየቅ ነው። ገንዘቡ ትንሽም ሊሆን ይችላል፣ ለመጽሐፍ መግዣ ግን ይሆናል። ማስታወቂያው የሚወጣው በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ነው። የእኔ ትልቁ ልጅ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ነው የሰማነው።

አሁን ስለ ሕግ አውጪዎቹም ልናገር፣ ጥፋቱ የእኛ ብቻ ስላልሆነ።

አንደኛ ነገር ቋንቋው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ልጆች ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ካውንቲያችን ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው። አማርኛ እዚህ እንግዳ አይደለም። ታዲያ የአናፖሊሱ ደብዳቤ ለምን በእንግሊዝኛ ብቻ ይመጣል? ሙሉውን ተርጉሙ አልልም። ከላይ አሥር መስመር ይበቃል። ምን ተቀየረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ጋ ይደወላል። በምርጫ ሰሞን በአማርኛ በራሪ ወረቀት ደጃችን ላይ እናገኛለን። ያን የተረጎመው ሰው ይህንንም አያቅተውም።

ሁለተኛው፣ የጸደቀውን ብቻ አትንገሩን። የወደቀውንም ንገሩን። በ2024 አንድ ረቂቅ ነበር፤ አከራይ በቂ ምክንያት ሳያቀርብ "ውልህን አላድስም፣ ውጣ" እንዳይል ካውንቲዎች ደንብ እንዲያወጡ የሚፈቅድ። የዴሌጌቶች ምክር ቤት አሳለፈው። ሴኔት ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ለተከራይ ይህ ከዲፖዚቱም የበለጠ ነገር ነው። ልጆቹን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ያዛወረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለእኔ የመጣው ደብዳቤ ግን ስለ እሱ ያለው አንዲት መስመር ነው። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ለምን ቀረ፣ እንደገና ይቀርባል ወይ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በስም ተዘርዝሮ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ደብዳቤው ውስጥም ይግባ። የምረቃ ሪባን ሲቆረጥ የተነሱት ፎቶ አንድ ቢቀነስ ቦታው ይገኛል።

ሦስተኛው ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ሰው ግራ ይገባዋል። ለምሳሌ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ለብዙ አፓርታማዎች ከጁላይ 2024 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ የአናፖሊስ አይደለም። አጎራባች ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የሚኖር ሰው የእኛን ደንብ ይዞ ሄዶ ቢከራከር አይሆንለትም። ዝቅተኛው ደሞዝም እንደዚያው፤ የስቴቱ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፣ የካውንቲያችን ግን ከዚያ ይበልጣል። በቦኒፋንት መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ደንበኛ ሲያርቅባቸው ለካውንቲው ይጮሃሉ፤ ግንባታው ግን የስቴቱ ነው። በ2017 ተጀምሮ በ2022 ያልቃል የተባለው አሁን 2027 መጨረሻ ወይም 2028 መጀመሪያ ላይ ነው የሚጠበቀው። አቤቱታ የሚሰማው ትክክለኛው ደጅ ላይ ሲደርስ ነው።

እናንተን አዘጋጆችን የምለምነው ይህን ነው። ጉባኤው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይከፈታል፣ ኤፕሪል ላይ ያበቃል። በእነዚያ 13 ሳምንታት ግማሽ ገጽ ስጡን። ግማሽ ገጽ ብቻ። ስለ አገር ቤት የምትጽፉትን ቀንሱ አልልም፣ እኔም መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ግን ከጀርባ ገጽ የሆነ ቦታ ላይ "ከአናፖሊስ" የሚል ዓምድ ይኑር። በዚያ ሳምንት ምን ቀረበ፣ ምን አለፈ፣ ምን ወደቀ፣ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ መቼ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የላኩትን ደብዳቤ እንደወረደ አታትሙት፤ እሱ የእነሱ አፍ ነው። አንብባችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ የተዘለለውን ጨምራችሁ አውጡት። እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፤ ደውላችሁ "ይህ ለምን ቀረ?" ብትሏቸው ከእኔ ይልቅ ለእናንተ ይመልሳሉ።

አስተያየት መስጠት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው፣ አዎ ይቻላል። ረቂቁ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ማንም ነዋሪ በድረ ገጻቸው ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። መናገር የከበደው በጽሑፍ ያስገባል። አክሰንት ስላለን ማፈር የለብንም። እኔ ባለፈው የአንዱን ኮሚቴ ስብሰባ በዩቲዩብ ተከታተልኩ። የመጡት ሰዎች ጠበቆች ብቻ አይደሉም። በስፓኒሽ አነጋገር እንግሊዝኛ የሚናገሩ እናት መጡ፣ ስለ ቤታቸው ሻጋታ ተናገሩ፣ ሊቀ መንበሩ አመሰገናቸው። ሀበሻ ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት አላየሁም። አከራዮቹ ግን ነበሩ። ማኅበራቸው ሰው ልኳል።

"እኔ ዜግነት የለኝም፣ ምን አገባኝ" የሚልም አለ። ያገባሃል። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለውም ነዋሪ ነው፣ ታክስ ከፋይ ነው። እዚሁ አጠገባችን ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ፈቅዳለች። ለዴሌጌት ስልክ መደወልማ የማንንም ወረቀት አይጠይቅም። ዜጋ የሆንን ደግሞ በ2026 የ188ቱም ወንበር ምርጫ ነው። የምርጫ ድምፁ በእጃችን ባለበት ዓመት ያልሰሙን መቼም አይሰሙንም።

ከባለቤቴና ከእህቷ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር ጀምረናል። በዕቁባችን 24 ሰው አለ። በየወሩ ስንገናኝ እህቷ የደረሳትን ደብዳቤ በአማርኛ አሳጥራ ታነባለች። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያ ቀን ሰው ስልኩን እያየ ነበር። ዲፖዚቷን እንዴት እንዳስመለሰች ስትናገር ግን ሁሉም ቀና አለ። ሁለት ሰዎች እዚያው ውላቸውን ከስልካቸው አውጥተው ማየት ጀመሩ። አንደኛው የፈረመው ኦክቶበር 2024 መጨረሻ ላይ ነው፣ የሁለት ወር ነው የከፈለው። አሁን ደብዳቤውን እሷ ናት የምትጽፍለት።

እሷ ካለፈው የጉባኤ መዝጊያ ደብዳቤ አሳጥራ የተረጎመችውን ሁለት ገጽ ከዚህ ጋር አያይዤላችኋለሁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ከሆነላችሁ ተጠቀሙበት። የሕግ ቃላቱ ላይ ከብዷት የተወቻቸው ቦታዎች አሉ፤ በእርሳስ አስምራባቸዋለች፣ እናንተ አስተካክሉት። ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ